ባክቴሪያውን የገደለው ዶቱ ነው ወይስ ቅሪቱ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ሲትሪክ አሲድና 1800 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) የሆነ ፖሊኢትሊንኢሚን በውሃ ቀላቅዬ፣ ቴፍሎን በለበሰ የብረት ዕቃ በ180 ዲግሪ ለ5 ሰዓት አሞቅኩ። ሰማያዊ የሚያበሩ የካርቦን ዶቶች፣ ማለትም ጥቂት ናኖሜትር የሆኑ የካርቦን ቅንጣቶች፣ አገኘሁ። በ1000 ዳልተን የዳያሊሲስ ከረጢት ለ24 ሰዓት አጠብኳቸው። 50 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ላይ ኢ.ኮላይንም ስታፊሎኮከስ ኦሬየስንም 99 በመቶ ገደሉ። በዚያው መጠን የሴልን ሕያውነት በቀለም በሚለካው ምርመራ፣ በኤምቲቲ፣ ስለካ የቆዳ ሴሎች 92 በመቶ በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ ‹ፀረ ባክቴሪያ ናቸው፤ ከሰውነት ጋርም ይስማማሉ› ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዙት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። የባክቴሪያውን ሙከራ በጨው ውሃ፣ የሴሉን 10 በመቶ ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ባለው ሚዲየም ነው የሠራሁት። ምን አጠፋሁ? ለቁስል ፋሻ ይሆናሉ ብዬ ማሰቤስ ልክ ነው?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። በአልትራቫዮሌት መብራት ስር ያ ሰማያዊ ቦግ ሲል ያላየ ሰው ደስታው አይገባውም። አማካሪሽ ግን በከንቱ አልሰረዙትም። የጻፍሽው ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ከያዝሽው ዳታ ግን አይወጣም። በላክሻቸው ጥቂት መስመሮች ውስጥ ብቻ ብዙ ቀዳዳ አየሁ። ትልቁ ያለው ምናልባት ሁለቴ ያላሰብሽበት ቦታ ነው። ከረጢቱ ላይ።

የ1000 ዳልተን ከረጢት በግርድፉ ወንፊት ነው። ከ1000 በታች የሆነውን ያሳልፋል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ያስቀራል። የተጠቀምሽው ፖሊመር፣ ፖሊኢትሊንኢሚኑ፣ 1800 ነው። እንግዲህ ከዶቱ ጋር ያልተያያዘው ፖሊኢትሊንኢሚን በየት በኩል ይውጣ? አልወጣም። በ24 ሰዓት እጥበት የሄደው ሲትሪክ አሲዱና ትንንሹ ነገር ነው። ፖሊመሩ ከዶቶችሽ ጋር ተመቻችቶ ተቀምጧል።

ይህ ለምን ያሳስባል? ፖሊኢትሊንኢሚን ብቻውን ባክቴሪያ መግደል ስለሚችል ነዋ። ከላይ እስከ ታች አሚን፣ ማለትም ናይትሮጅን ያለበት ኬሚካላዊ ክፍል፣ የሆነ ፖሊመር ነው። በተለመደው ፒኤች ከአሚኖቹ ብዙዎቹ ፕሮቶን ይዘው ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ጂን ወደ ሴል ለማስገባት ለዓመታት ያገለገለውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ኔጌቲቭ የሆነውን ዲኤንኤ አቅፎ በሴሉ ሽፋን ይገባል። ያው ጠባይ ሴሎችን እንደሚጎዳም በደንብ ይታወቃል፤ በተለይ 25 ሺህ ዳልተን የሚሆነው ቅርንጫፋሙ ዓይነት። የአንቺው አጭር ስለሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል። ዜሮ ግን አይሆንም።

እኔም በዚህ ተበልቻለሁ። ከዓመታት በፊት ከአሚን የተሠራ የካርቦን ዶት ይዤ አራት ወር ሙሉ ስፈነጥዝ ከረምኩ። ቁጥሩ ያምራል፣ ፎቶው ያምራል። አንድ ቀን አንዲት ባልደረባዬ «ከከረጢቱ ውጪ ያለውን ውሃ ለምን አትሞክረውም?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ውሃውን አድርቀን፣ የቀረውን በትንሽ ፈሳሽ አሟሙተን ባክቴሪያው ላይ አደረግነው። ከዶቶቼ በተሻለ ገደለ። ስለ ዶት አወራለሁ ስል ስለ እጥበት ጉድለት ነበር የማወራው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር ከማድረግሽ በፊት እጥበቱን ድገሚ። 3500 ዳልተን የሆነ ከረጢት ውሰጂ። አንድ ቀን አይበቃም፤ ውሃውን እየቀየርሽ ብዙ ቀን አቆዪው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የውጪው ውሃ ላይ ሶዲየም ክሎራይድ ጨምሪበት። ፖሊመሩ ዶቱ ላይ በቻርጅ ተለጥፎ ከሆነ ጨው ያላቅቀዋል። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ጨውን አስወጪ። የውጪው ውሃ በአልትራቫዮሌት ሲያዩት ማብራት ከጀመረ ከፊል ዶቶችሽም እያመለጡ ነው ማለት ነው፤ አትደንግጪ፣ ግን መዝግቢው። የጄል አምድ ካለሽ ከከረጢቱ በኋላ እሱንም አስከትይ። እዚያ ላይ አንድ የምትገረሚበት ነገር ልታዪ ትችያለሽ። ብርሃኑ ራሱ ከሁለትና ከሦስት ክፍል ሊወጣ ይችላል። ከሲትሪክ አሲድና ከአሚን በሚሠሩ ዶቶች ውስጥ ደማቁ ሰማያዊ ብርሃን ከትንንሽ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች እንደሚመጣ በተደጋጋሚ ታይቷል። አንዳንዴ ዶት ብለን የምናደንቀው ነገር ተራ ቀለም ሆኖ ይገኛል።

ከእጥበቱ ጋር ሁለት ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ) ሥሪ። አንዱ፣ ፖሊመሩን ብቻውን፣ ያለ ሲትሪክ አሲድ፣ በዚያው ዕቃ በዚያው ሙቀት። ሁለተኛው፣ ሁለቱን ቀላቅለሽ ሳታሞቂ። ሁለቱንም እንደ ዶቱ እጠቢ፣ እንደ ዶቱ ሞክሪ። ዶትሽ ከሁለቱም ካልበለጠ ወሬው ስለ ዶት አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ኮንትሮል የሚዘለው ውጤቱን ስለሚፈራው ይመስለኛል።

አሁን ስለ ዶቱ ራሱ ትንሽ ላውራ፤ የስሙ ጉዳይ ነገር ስለሚያምታታ። ኳንተም ዶት የሚባለው መጀመሪያ የሴሚኮንዳክተር ክሪስታል ነበር፣ ከ2 እስከ 10 ናኖሜትር አካባቢ። ሲያንስ ወደ ሰማያዊ፣ ሲያድግ ወደ ቀይ ያበራል። ኤሌክትሮኑ በጠባብ ቦታ ስለሚታሰር፣ ቦታው በጠበበ ቁጥር በኃይል ደረጃዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። አሌክሲ ኤኪሞቭ በመስታወት ውስጥ፣ ሉዊስ ብሩስ በፈሳሽ ውስጥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሳዩት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ሙንጂ ባወንዲ በ1993 ጥራቱን የጠበቀ አሠራር አመጣ። ሦስቱም በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። የካርቦን ዶት ታሪክ ሌላ ነው። በ2004 የካርቦን ናኖቱብ ሲያጣሩ የነበሩ ሰዎች ሳይፈልጉት አብሮ የሚያበራ ቅሪት አገኙ። ልብ በይ፣ ዘርፉ ራሱ የተወለደው ከማጣሪያ ቅሪት ነው። የካርቦን ዶት ብርሃን በመጠኑ ብቻ አይወሰንም፤ ላዩ ላይ ያሉት ኬሚካሎችና ያልኩሽ ሞለኪውሎችም ይገቡበታል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው «ኳንተም» የሚለውን ቃል የማይጨምርበት። እኔም አልጨምርበትም።

ወደ መግደሉ እንምጣ። አንድ 3 ናኖሜትር የሆነ ነገር ርዝመቱ ከአንድ እስከ ሁለት ማይክሮሜትር የሆነ ኢ.ኮላይን እንዴት ይገድላል? የመቶዎች እጥፍ ልዩነት ነው። ዋነኞቹ መንገዶች ሦስት ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ይደባለቃሉ።

የመጀመሪያው፣ የአንቺ ዶት ዋና መንገድም ሳይሆን የማይቀረው፣ ቻርጅ ነው። የባክቴሪያ ላዩ ኔጌቲቭ ነው። ስታፊሎኮከስ ወፍራም ግድግዳ አለው፣ እሱም ላይ ኔጌቲቭ የሆነ ቴይኮይክ አሲድ አለ። ኢ.ኮላይ ደግሞ ከቀጭን ግድግዳው ውጪ ሌላ ሽፋን አለው፤ የዚያ ሽፋን ሊፖፖሊሳካራይድ (ስኳር የተያያዘበት ቅባት) በማግኒዥየምና በካልሲየም እየተሰፋ ነው አንድ ላይ የሚቆመው። ፖዘቲቭ ነገር ሲመጣ እነዚህን አየኖች (ቻርጅ ያላቸው አቶሞች) ገፍቶ ቦታቸውን ይይዛል። ስፌቱ ይላላል። ቀጥሎ የውስጠኛው ሽፋን ይላላል፣ ፖታሲየም ይፈስሳል፣ ሕዋሱ ያበቃለታል። የሰው ሴል ውጫዊ ሽፋን በአብዛኛው ቻርጁ የተመጣጠነ ቅባት ነው፤ እንደ ባክቴሪያው ኔጌቲቭ አይደለም፣ በዚያ ላይ ኮሌስትሮል ያጠነክረዋል። አንቺ የምትመኚው ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው። ልዩነቱ ግን የመጠን ነው። መጠኑን ከፍ አድርጊውና ያው ዶት የሰውንም ሽፋን ይበሳል።

ለዚህ ነው ፀረ ባክቴሪያነትን በአንድ ምዕራፍ፣ ተስማሚነትን በሌላ ምዕራፍ መጻፍ የማይመቸኝ። አንድ ጉልበት ነው፤ በሁለት ዓይነት ሕዋስ ላይ ይለካል። ዋጋ ያለው ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ የሚታየው ደግሞ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ሁኔታ ስትለኪ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ብርሃን ነው። ዶቱ ብርሃን ሲውጥ ኃይሉን መልሶ በፍሎረሰንስ፣ ማለትም በማብራት፣ ሊያወጣው ይችላል። ወይም ለኦክስጅን ያሳልፈዋል። ያኔ ሲንግሌት ኦክስጅን፣ ሱፐርኦክሳይድ፣ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባሉ ቁጡ የኦክስጅን ዓይነቶች ይፈጠራሉ። እነዚህ ቅባትን፣ ፕሮቲንን፣ ዲኤንኤን ሳይመርጡ ይበላሉ። ማብራቱና ለኦክስጅን ማሳለፉ በአንድ ኃይል ላይ ይሻማሉ። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ደማቅ የሆነው ዶት ምርጡ ገዳይ አይሆንም። ሁለቱንም በአንድ ዶት ከላይ ጫፍ ማድረስ ከባድ ነው።

ሲንግሌት ኦክስጅን በውሃ ውስጥ ዕድሜው ማይክሮሰከንዶች ነው። ከጥቂት መቶ ናኖሜትር አልፎ አይሄድም። ስለዚህ ዶቱ ባክቴሪያው ላይ መለጠፍ አለበት። ፖዘቲቭ ቻርጅ እዚህ ላይም ይጠቅማል፤ ተኳሹን ከዒላማው አጠገብ ያደርሰዋል።

በዚህ መንገድ በጣም የማረከኝ ሥራ የተሠራው በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2016 ካድሚየም ቴሉራይድ ዶት ወስደው የኃይል ክፍተቱን 2.4 ኤሌክትሮን ቮልት አደረጉት። በዚያ ልክ ሲሆንና ብርሃን ሲበራ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ገደለ። ያው ንጥረ ነገር መጠኑ ሲቀየር አይሠራም። በጨለማም አይሠራም። በቀጣዩ ዓመት ያ ዶት በሚያመነጨው ሱፐርኦክሳይድ የተዳከሙ ባክቴሪያዎች ተራ አንቲባዮቲክ እንደገና እንደሚጥላቸው አሳዩ። ለእኔ ጥሩ ሙከራ እንዲህ ያለው ነው፤ መብራቱን አጥፍተሽ ውጤቱም አብሮ የሚጠፋበት።

አንቺ ስለ መብራት አንድ ቃል አልጻፍሽም። ፕሌቱ የት ነበር? ጠረጴዛ ላይ፣ መስኮት አጠገብ፣ ወይስ ኢንኩቤተር ጨለማ ውስጥ? ካላወቅሽ የትኛው መንገድ እንደገደለ አታውቂም። አራት ረድፍ ያስፈልግሻል። ያለ ዶት በጨለማ፣ ያለ ዶት በብርሃን፣ በዶት በጨለማ፣ በዶት በብርሃን። «ያለ ዶት በብርሃን» የሚለውን እንዳትንቂው። ባክቴሪያ ውስጥ ፖርፊሪን የሚባል ብርሃን የሚውጥ ሞለኪውል አለ፤ 405 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ወይን ጠጅ ሰማያዊ ብርሃን ብቻውን ሊገድል ይችላል። ብርሃኑንም በቁጥር ጻፊ። ለምሳሌ በካሬ ሴንቲሜትር 10 ሚሊዋት ለ10 ደቂቃ ካበራሽ 6 ጁል ሰጥተሻል። «በሰማያዊ መብራት አበራሁ» ብሎ ማለፍ «መድኃኒት ሰጠሁት» ብሎ ምን ያህል እንደሰጡ እንዳለመናገር ነው። የፈሳሹንም ሙቀት ለኪ።

ሦስተኛው መንገድ አየን ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ዶት በአሲዳማ ቦታ ዚንክ ይለቃል፣ የብር ዶት ብር ይለቃል፣ ካድሚየም ያለበት ካድሚየም ይለቃል። ካርቦን ላይ ይህ አይመለከትሽም፤ የካድሚየሙን መዘዝ ግን በኋላ አነሳዋለሁ።

አሁን ወደ ጨው ውሃውና ወደ ሴረሙ። ባክቴሪያው በጨው ውሃ ውስጥ ራቁቱን ነው። ምግብ የለውም፣ አያድግም፣ የሚሸፍነው ፕሮቲን የለም፣ ያ ስፌት የሚጠግንበት ካልሲየምና ማግኒዥየም የለም። ዶትሽ ሙሉ ጉልበቱን ያሳርፍበታል። የቆዳ ሴሎቹ ግን በ10 በመቶ ሴረም ውስጥ ናቸው። ሴረም በአልቡሚን የተሞላ ነው፤ አልቡሚን ደግሞ በዚያ ፒኤች ኔጌቲቭ ነው። በክብደት ብታሰይው፣ እዚያ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ50 ማይክሮግራም ዶትሽ በአሥሮች እጥፍ ይበልጣል። ፖዘቲቩ ዶት ሴሉ ጋ ሳይደርስ በፕሮቲን ይጠቀለላል። ታዲያ 92 በመቶው የዶትሽ ለስላሳነት ነው ወይስ የአልቡሚኑ ደግነት?

ሁለቱን ሙከራዎች አገናኚያቸው። ባክቴሪያውን ሴረም ባለበት ሞክሪ። ሴሉን ደግሞ ለአጭር ሰዓት ያለ ሴረም ሞክሪ። ሁለቱንም በዚያው ሰዓት ርዝመት አድርጊ። ጥሩ ውጤት የሚባለው በአንድ ፕሌት፣ በአንድ ሚዲየም ባክቴሪያና የሰው ሴል አብረው ሆነው ባክቴሪያው ብቻ ሲሞት ነው። ከባድ ሙከራ ነው፤ ከተሳካልሽ ግን አማካሪሽ የሰረዙትን መልሰው ይጽፉታል። ከዚህ ጎን ደንበኛውን መለኪያም ሥሪ። ካልሲየምና ማግኒዥየሙ በተስተካከለ የሙለር ሂንተን ሾርባ (ባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ)፣ በሚሊሊትር 500 ሺህ ባክቴሪያ ይዘሽ፣ እድገት የሚያቆመውን ዝቅተኛ መጠን ፈልጊ። ቁጥሩ በጨው ውሃ ካገኘሽው ከፍ ማለቱ አይቀርም። አይክፋሽ፤ ከሌሎች ሥራዎች ጋር የሚነጻጸረው እሱ ነው።

«99 በመቶ» ስለሚለው አንድ ነገር ልበል። ጆሮ ላይ ትልቅ ይመስላል። ከአንድ ሚሊዮን 99 በመቶ ሲሞት 10 ሺህ ይቀራል። ኢ.ኮላይ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። ከሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ሚሊዮኑ ተመልሷል። ገዳይ ለመባል የተለመደው መስፈርት ከመነሻው 99.9 በመቶ መግደል ነው። ከዚያ በታች ከሆነ እድገት ያዘገያል በይ፤ አያሳፍርም።

እስካሁን ካልኩት ሁሉ ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ይኸውልሽ። ፖዘቲቭ ፖሊመር ባክቴሪያን ያጎናጉናል። ኔጌቲቭ የሆኑትን ሕዋሳት እያገናኘ እንደ ጉብታ ያደርጋቸዋል። የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ ላይ እንዲህ ያሉ ፖሊመሮች ለዚሁ ያገለግላሉ። አሁን አስቢው። ሃምሳ ሕያው ባክቴሪያ አንድ ላይ ተጣብቆ አጋር ላይ፣ ባክቴሪያ በሚያድግበት ጄል ላይ፣ ካረፈ ስንት ኮሎኒ ይበቅላል? አንድ። አንቺ ታዲያ 98 በመቶ ሞተ ብለሽ ትጽፊያለሽ። አንድም አልሞተም። ስለዚህ ናሙናውን አጋር ላይ ከማፍሰስሽ በፊት በማይክሮስኮፕ እዪው። ከተጎናጎነ ጨው ወይም ኔጌቲቭ ፖሊመር ጨምረሽ፣ በቮርቴክስ አናውጠሽ በታትኚው። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። አጋሩ ላይ ከባክቴሪያው ጋር የሚተላለፈውን ዶት ጉልበት ያሳጣዋል፤ አለበለዚያ ግድያው ፕሌቱ ላይም ይቀጥላል።

የአጋር ቀዳዳ ሙከራ ሠርተሽ ጥርት ያለ ክብ ካላየሽ ብዙ አታስቢበት። ፖዘቲቭ ዶት በአጋር ውስጥ በደንብ አይጓዝም። ክቡ የሚለካው መጓዝንም ነው።

የሴሉ ምርመራስ? ኤምቲቲ ሕያው ሴል ቢጫውን ወደ ወይን ጠጅ ሲቀይር ነው የሚለካው። ግን ቀለሙን የሚቀይረው ሴል ብቻ አይደለም። ኤሌክትሮን መስጠት የሚችል ማንኛውም ነገር ይቀይረዋል፤ አንዳንድ የካርቦን ዶቶችም ይህን ያደርጋሉ። ሴል በሌለበት ጉድጓድ ዶትና ኤምቲቲ ጨምረሽ ጠብቂ። ወይን ጠጅ ከሆነ 92 በመቶሽ ውስጥ ስንቱ የዶቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ። መፍትሔው ቀላል ነው። ዶቱን አጥበሽ አውጪና ከዚያ ኤምቲቲ ጨምሪ። በተጨማሪ ሽፋን መበሳትን የሚለካ ሌላ ምርመራ አስከትይ፤ ለምሳሌ ከሴል የሚያመልጠውን ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ። የአንቺ ዶት የሚጎዳው ሽፋንን ስለሆነ ጥያቄሽን በቀጥታ የሚመልሰው እሱ ነው።

በፍሎረሰንስ የሚሠሩ ምርመራዎች ላይ ጥንቃቄው ይብሳል። ሕያውንና ሙቱን የሚለዩት ሁለት ቀለሞች አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቀይ ነው። ብዙ የካርቦን ዶት የሚያበራው ቀለም የተሰጠውን ብርሃን ተከትሎ ይቀየራል። በአልትራቫዮሌት ሰማያዊ፣ በሰማያዊ ደግሞ አረንጓዴ። ዶት የጠገበ ሙት ባክቴሪያ በአረንጓዴው ቻናል ሕያው መስሎ ሊታይሽ ይችላል። ቀለም ሳትጨምሪ ዶት ብቻ ያለበትን ናሙና በሁለቱም ቻናል አንሺ። የኦክስጅን ራዲካል መለኪያው ዲሲኤፍ የሚባለውም አረንጓዴ ስለሆነ ያው ጣጣ አለበት፤ ጭራሽ ብርሃን ሲያርፍበት በራሱም ያበራል።

የሕክምና ዕቃ የሴል ምርመራ ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 10993 ክፍል 5፣ ሕይወት ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ጎጂ ይለዋል። 92 ከዚህ በላይ ነው። ግን በአንድ መጠን፣ በአንድ ዓይነት ሴል የተገኘ ነው። መጠኑን ወደ ላይ ግፊው፣ ሴሎቹ መሞት እስኪጀምሩ። እስካልሞቱ ድረስ ገደቡን አታውቂውም። ቀይ የደም ሴልም ጨምሪ። ርካሽ፣ ፈጣን፣ የማይዋሽ ምርመራ ነው። ሽፋኑ ሲበሳ ሄሞግሎቢን ይፈስሳል፣ ፈሳሹ ይቀላል። በተለመደው መመዘኛ ከ2 በመቶ በታች ምንም አልተጎዳም ይባላል፣ ከ5 በመቶ በላይ ደግሞ ደም አፍራሽ። ከዚያ ግማሹን ደም የሚያፈርሰውን መጠን ባክቴሪያ ለሚያቆመው መጠን አካፍይ። የመጣው ቁጥር 2 ወይም 3 ከሆነ እኔ ቁስል ላይ አላደርገውም። 100 ከሆነ ቁጭ ብለን እናውራ።

ካድሚየም ላይ ቃል ገብቼ ነበር። ከ1998 ጀምሮ ሴል ለማቅለም ያገለገሉት ዝነኞቹ ዶቶች ካድሚየም ሴሌናይድ ናቸው። በ2004 የጉበት ሴሎች ላይ እንደታየው፣ ዶቱ አየር ወይም አልትራቫዮሌት ሲያገኘው ላዩ ይኦክሲዳል፤ ካድሚየም ይፈታል፤ ሴሉ ይሞታል። በዚንክ ሰልፋይድ ሲለብስ ጉዳቱ ይቀንሳል። ግን ልብስ ያረጃል። በ2012 በወጣ የዝንጀሮ ጥናት እንስሳቱ ለ90 ቀን ደህና ነበሩ፣ ደማቸውም ደህና ነበር። ካድሚየሙ ግን አብዛኛው በጉበት፣ በጣፊያና በኩላሊት ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። ካድሚየም ከሰው ኩላሊት ለመውጣት ዓመታትን፣ አንዳንዴም አሥርት ዓመታትን ይፈልጋል። «90 ቀን ምንም አልሆነም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሲታይ ሌላ መልክ አለው። ብዙ ሰው ወደ ካርቦን የሸሸው በዚህ ምክንያት ነው። ሽሽቱ ልክ ነው። ካርቦን ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ማለት ግን ከዚያ አይከተልም፤ የሚነካው ካርቦኑ ሳይሆን ላዩ ነው።

ወደ ደም ከገባ ሌላ ቁጥር ይመጣል። በ2007 በተሠራ ሥራ፣ ከነሽፋኑ ከ5.5 ናኖሜትር በታች የሆነ ዶት በኩላሊት በሽንት ይወጣል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ይቀራል። ዶትሽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ 3 ናኖሜትር ቢሆንም፣ የለበሰው ፖሊመርና የሚለጠፍበት ፕሮቲን ተጨምሮ በውሃ ውስጥ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ማይክሮስኮፑ የሚያየው ልብሱን ያወለቀውን ነው።

አሁን ፋሻው። ሐሳብሽን አልጠላሁትም። እንዲያውም ለእንዲህ ያለ ዶት ከሚታሰቡ ቦታዎች የተሻለው የቆዳ ላይ ነው። ብርሃን ይደርሳል፣ ቢያስቸግር ይነሳል፣ ወደ ደም የሚገባው ያንሳል። ሰማያዊ ብርሃን በቆዳ ውስጥ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም፣ ደምም ይውጠዋል። ለላይኛው ቁስል ይበቃል፣ ጥልቅ ለሆነው አይበቃም። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ወስኚ። ዶቱ ከፋሻው ይልቀቅ ወይስ ይቀመጥ? የሚለቅ ከሆነ የነገርኩሽ ሁሉ፣ ኩላሊቱም ሳይቀር ይመለከትሻል። ከጨርቁ ጋር በኬሚካል ታስሮ የሚቀር ከሆነ ብዙው ጭንቀት ይቀላል፤ የሚገድለው የነካውን ብቻ ይሆናል። እኔ ብሆን ማሰሩን እመርጣለሁ። ፍሎረሰንሱ እዚህ ላይ ያለ ክፍያ ይሠራልሻል። ፋሻውን በጨው ውሃና በሴረም ዘፍዝፈሽ፣ ፈሳሹ በአልትራቫዮሌት ማብራቱን ታያለሽ። ካበራ እየለቀቀ ነው። ካላበራ ግን ወዲያው አትፈንጥዢ፤ ያልታሰረ ፖሊመር አያበራም፣ ሾልኮ ሊወጣ ይችላል።

ከቁስል የሚወጣው ፈሳሽም ፕሮቲን የበዛበት ነው። በሴረም ውስጥ ጉልበቱን የሚያጣ ዶት ቁስል ላይም ያጣዋል። በዚያ ላይ ቁስል ላይ ያለው ባክቴሪያ እንደ ላብራቶሪው ነጠላ ሆኖ አይዋኝም። ዝልግልግ ባለ ባዮፊልም ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ከሴረሙ ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና እሱ ነው።

ለምን ይህን ያህል ሰው በዚህ እንደተጠመደ ይገባኛል። በ2019 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደገደሉ ተገምቷል። ናኖ ነገር ሲመጣ ደግሞ «ባክቴሪያ ይህን አይላመደውም» የሚል ተስፋ አብሮ ይመጣል። ይህንን ዓረፍተ ነገር ጽሑፍሽ ውስጥ እንዳላየው። በ2018 ኢ.ኮላይ የብር ናኖ ቅንጣትን ሲላመድ ታይቷል። ፍላጀሊን የሚባለውን ፕሮቲን አብዝቶ እያመረተ ቅንጣቶቹን አጎናጎናቸው። አንቺ ዶት ይዘሽ ባክቴሪያን ታጎናጉኛለሽ፤ እሱም ተራውን ሲያገኝ ያንቺን ያጎናጉናል።

ለጊዜው ምን ልጻፍ ካልሽ፣ ይህን ጻፊ፦ «በአሚን የለበሱት የካርቦን ዶቶች በጨው ውሃ ውስጥ፣ በ50 ማይክሮግራም በሚሊሊትር የሁለቱንም ባክቴሪያዎች የኮሎኒ ቁጥር በ99 በመቶ ቀነሱ። በዚያው መጠን፣ 10 በመቶ ሴረም ባለበት፣ የቆዳ ሴሎች የኤምቲቲ ምልክት 92 በመቶ ነበር።» ደረቅ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንድም ቃል አይሰረዝም።

ሰኞ ላብራቶሪ ስትገቢ ደግሞ ከሁሉ በፊት የከረጢቱን ጉዳይ ያዢ። የመጨረሻውን እጥበት ውሃ አትድፊው፤ አድርቂና ባክቴሪያው ላይ አድርጊው። ምንም ካልሆነ መልሰሽ ጻፊልኝ፣ ስለ ብርሃኑ እንቀጥላለን።